ከፈላማ ምኑ ቀረ ለምትሉ

እናቶች፣ አባቶች፣ ሱሉልታ ላይ ቆሜ ስለ ወተት ጥቅም አልሰብክም፤ እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት እንደታለበ ስለሚጠጣው ጥሬ ወተት ልነግራችሁ ነው። ሰበታም ቡራዩም የምሰማው አንድ ነው፦ «ጉልበት የሚሰጠው ጥሬው ነው፤ ከፈላማ ምኑ ቀረ?»

እውነት አለበት። ወተት ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሲፈላ ብዙዎቹ ይበላሻሉ። ግን የተሠሩት ለጥጃው ነው። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ ይህ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ሲጠባ አንጀቱ ሳይፈጭ ወደ ደሙ ያሳልፍለታል። የእኛ አንጀት ግን እንደማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል።

አብሮት የሚገባውን ደግሞ ስሙኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 2,956 የወተት ከብቶችን መርምሮ፣ 30 ከመቶው ላይ የከብት ቲቢ ምልክት አገኘ። ምርመራውን ያያችሁ አላችሁ፤ ላሟ አንገቷ ላይ ትወጋለች፣ ሐኪሙ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ የቆዳዋን ውፍረት ይለካል። ቆዳዋ ካበጠ፣ ያ እብጠት ባክቴሪያውን አስቀድመው የሚያውቁ ነጭ የደም ሴሎች ተሰብስበው የሠሩት ነው። ባክቴሪያው በጥሬ ወተት ወደ ልጅ ሰውነት ሲገባም ነጭ የደም ሴል ይውጠዋል፤ መግደል ግን ያቅተዋል፣ እዚያው ውስጡ ይራባል። ሌሎች ሴሎች መጥተው ይከቡታል፤ የልጁ የአንገት እጢ ያብጣል። ከቲቢ ዋና መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒራዚናማይድ፣ ይህን ዝርያ አይነካውም።

አባባ፣ ራስዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። «አባቶቻችን ጠጥተው አላደጉም ወይ?» ነው የሚሉኝ። የእነሱ የሀበሻ ላም ሜዳ ስትውል ነው የኖረችው፤ በሽታውንም ከፈረንጅ ላም ይልቅ ትቋቋማለች። ዛሬ ጋጣችን ውስጥ ያሉት ዲቃሎች ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ አንዷ ስትስል ለሁሉም ትተርፋለች። ወፍራ፣ ፀጉሯ አብረቅርቆ፣ ጥሩ የምትታለበውም በሽታው ሊኖርባት ይችላል።

እስኪገነፍል አፍሉት። የፕሮቲኑ ምግብነትም ካልሲየሙም አይጠፋም። «እርጎ ሲኮመጥጥ ተሐዋሲው ይሞታል» የምትሉም አትተማመኑ፤ ቲቢውም ወረርሽኝ ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴላም መኮምጠጡን ችለው ሊቆዩ ይችላሉ። ወተቱን አፍልታችሁ ለብ ሲል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቅ ከተገዛ እርጎ ጥቂት ጨምሩበት፤ ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ እርጎ እያስቀራችሁ ለሚቀጥለው ትጠቀማላችሁ።