አረር ወይስ መዳብ? ለሩቅ ተኩስ ጥይትን ስለ መምረጥ



በብቸናና በሞጣ አገር ጠመንጃ በስሙ ይታወቃል፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቢን እየተባለ በፉከራና በቀረርቶ ሲነሣ ኖሯል። ከአፈሙዙ ስለሚወጣው ነገር ግን እምብዛም አንጠይቅም። ቋንቋችንም ለዚህ ሳይረዳን አልቀረም፤ «አረር» ስንል እርሳስ የተባለውን ማዕድንም፣ ከጠመንጃ ወጥቶ የሚበረውንም በአንድ ቃል እንጠራለንና። ዛሬ ሁለቱን ለይቼ፣ ለሩቅ ተኩስ እርሳስ ይሻላል ወይስ ወጥ መዳብ የሚለውን እመረምራለሁ።

እርሳስ የተመረጠው በሁለት ጠባዩ ነው። አንደኛ፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የእንጨት እሳት ይበቃዋል፤ መዳብ ግን 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከባድ ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን፣ መዳብ 9 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ከውፍረቱ አንጻር ክብደቱ የበዛ ጥይት ደግሞ አየር ፍጥነቱን ቶሎ አይቀንስበትም።

ስለዚህ ወጥ የመዳብ ጥይት ውፍረቱን ሳይለውጥ በክብደት እርሳሱን እንዲያክል ሩብ ያህል መርዘም አለበት። የረዘመ ጥይት በአየር ላይ እንዳይገለበጥ ፈጥኖ መሽከርከር ይኖርበታል፤ የሚያሽከረክረውም በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝ ነው። ውጅግራ የምንለው የፈረንሣዩ ግራስ 25 ግራም የሚመዝነውን የእርሳስ ጥይት በ55 ሴንቲ ሜትር አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ለረጅም ጥይት ይህ አይበቃም። የተተካው ሌበል ግን በ24 ሴንቲ ሜትር አንድ ጊዜ ያዞራል። ለዚህ ጠመንጃ ፈረንሣዮች በ1898 እ.ኤ.አ. ከናስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ፣ ወጥ የሆነ ሹል ጥይት አወጡ። ክብደቱ ከ15 ወደ 12.8 ግራም ቢቀንስም፣ በቅርጹና በፍጥነቱ ከቀደመው በለጠ። እንግዲህ ማዕድን ብቻውን አይመረጥም፤ ከቅርጹና ከበርሜሉ ጋር እንጂ።

ለወረቀት ዒላማ ከሆነ፣ እርሳሱ በመዳብ የተለበጠ ጥይት ዛሬም ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ለአደን ግን ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። እርሳስ አጥንትና ሥጋ ሲመታ ይበታተናል፤ በዓይን የማይታይ ቅንጣቱም ከቁስሉ ርቆ በሥጋው ውስጥ ይቀራል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። በሜዳ የተጣለውን ሆድ ዕቃ የሚበላው ጥንብ አንሳም በዚሁ ይመረዛል። ካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው፣ ኮንዶር የተባለውን አሞራ እየገደለው ስለ ነበር ጭምር ነው። በእኛም ሰማይ የሚያንዣብቡት የሩፔል ጥንብ አንሶች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አዕዋፍ ተቆጥረዋል። ዋናው ጠላታቸው ሆን ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ቢሆንም፣ ሌላ መርዝ ልንጨምርባቸው አይገባም።

ይሁን እንጂ መዳብም ዕዳ አለበት። ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ርቀቱ በዝቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጫፉ እንደሚገባው አይከፈትም፤ ያን ጊዜ አውሬው ቶሎ ሳይሞት ቆስሎ ያመልጣል። ስለዚህ መዳብን የመረጠ አዳኝ፣ ቀረብ ብሎ ለመተኮስም አብሮ መወሰን አለበት። የፉከራው ወግ አርቆ የሚመታውን ያወድሳል፤ እኔ ግን የማይችለውን ርቀት ዐውቆ ጣቱን ከቃታው የሚያነሣውን ተኳሽ አከብራለሁ።