በኮሪያ የወደቀውን የወርቅ አጣቢ ልጅ ስለ ማሰብ
(በላምበረት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምናስበው ወጣት ላምበረትን ሳያይ ነው የሞተው። እኛ የምናውቀው በታናሽ እኅቱ ነው። እሳቸው ደግሞ የዕድራችን እናት ስለሆኑ ሐዘናቸው ሐዘናችን ነው። ስሙን በጸሎት እንጠራዋለን፤ በሰሌዳ ላይ እንዲወጣ ግን ቤተሰቡ ስላልፈለገ አልጻፍነውም።

አባቱ በአዶላ ወርቅ ያጥቡ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈሩን ወንዝ አውርዶ፣ በገበቴ እያንገዋለሉ ለቅንጣት ወርቅ ሲታገሉ መዋል ነው ሥራው። ልጁ ከዚያ ድካም ወጥቶ አዲስ አበባ ገባና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከዚያም ወደ ኮሪያ ዘመተ።

ለወጣቶቻችን ነገሩን ባጭሩ እንንገራቸው። በ1942 የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡቡን ሲወር የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮችን ርዳታ ጠየቀ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊቱን ያዞረባት አገራችን «ያ በደል በሌላ ሕዝብ አይድረስ» ብላ ጦር ላከች። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ቡሳን ደረሰ። ጦርነቱ እስኪቆም በየተራ ከ3,500 ያላነሱ ወታደሮች ተሰልፈዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

የእኛ ልጅ የሦስተኛው ቃኘው ወታደር ነበር። በግንቦት 1945 በኮረብታ ምሽግ ውጊያ ላይ ወደቀ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር እኮ የቀረው!

መርዶው አዶላ ሲደርስ አስከሬን አልነበረም። ልብሱ ወጥቶ ነው የተለቀሰለት። አባትየው ወርቅ ከአፈር ሲያወጡ ኖረው ልጃቸውን አፈር ወሰደባቸው። በቡሳን ተቀብረው የነበሩት የኢትዮጵያ ሙታን በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ይህም ለብዙ ቤተሰብ መጽናኛ ሆኗል።

ከ1966 በኋላ ግን ሌላ ዘመን መጣ። የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የኮሪያ ዘማችነት የሚኮሩበት ነገር መሆኑ ቀረ። እኅቱም የወንድማቸውን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርደው በሣጥን አኖሩት። ሰው ለአገሩ ሞቶ ፎቶው ሲደበቅ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ፍረዱ። በኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ግን በ1960 የቆመው የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ በቦታው ነበር። እኛም ዛሬ አፍንጮ በር መታሰቢያ አለን።

ስለ ጦርነቱ ትክክለኛነት ሁላችንም አንድ ሐሳብ ላይኖረን ይችላል። ይህ ለልጁ ማልቀስን አይከለክልም። እሱ ታዘዘ፣ ሄደ፣ አልተመለሰም። ዕድር ሲቋቋም የሟችን ፖለቲካ አይጠይቅም፤ ድንኳን ይተክላል እንጂ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፤ በየቤታችሁ የዘማች ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም ሜዳልያ ካለ አትጣሉት፤ ከጀርባው ስምና ዓመቱን ጻፉበት። ሁለተኛ፤ በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዕድሜያቸው ወደ መቶ የተጠጋ ስለሆነ፣ የምታውቁት ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ነገ ላይገኝ ይችላል። ሦስተኛ፤ እኅቱን አጅበን አፍንጮ በር ስለምንሄድ፣ መኪና ያላችሁ ለጸሐፊው ንገሩልን። እሳቸው ብዙ መንገድ በእግር አይችሉም።

ፎቶው ከሣጥን ወጥቶ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ቡና ልትጠጡ ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩት፤ «ማን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። እኅቱ ቢነግሩት ደስ ይላቸዋል።

ነፍሱን ይማር። እግዜር ያጥናችሁ።