ከማሻሻል በፊት መገልበጥ
(በሠፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ዊንዶውስ 10 ስላለባቸው ኮምፒውተሮች ነው። ሠሪው ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ወይስ ባለበት ይቆይ?

ባለበት መቆየት አደጋ አለው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገር ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው።

መቸኮልም አደጋ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል ስላጠፋ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ሥርጭቱን አቋርጦታል።

እንግዲህ ለሁለቱም የሚበጀው ቅጂ መያዝ ነው። የእድሩ መዝገብ፣ የልጆች ፎቶግራፍ፣ የቤት ሰነድ አስቀድሞ በፍላሽ ይገልበጥ። በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ፤ ከዚያ ፍላሹ ተነቅሎ ይቀመጥ። ተሰክቶ ከቆየ ቫይረሱ እሱንም ይቆልፈዋል።

ቀጥሎ የመሣሪያው አቅም ይጣራ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ካላሟላ አታስገድዱት፤ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለጽሕፈት ያገልግል። ካሟላ ደግሞ መብራት መሐል ላይ እንዳይጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቶ ይጀመር።

ኮምፒውተር ቢበላሽ ይጠገናል። የእድር መዝገብ ከጠፋ ግን ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ እያልን ጎረቤት ከጎረቤት እንጋጫለን። ስለዚህ መዝገብ ያዡ ቅጂውን ሳያሳይ ማንም ማሻሻያውን እንዳይጀምር አደራ።