ቀጭኗ ቀዳዳ

ከባሕር ዳር ሰባታሚት ለአገልግሎት የምመላለስባት አሮጌ ሞተር ሳይክል አለችኝ። ወራት ቆማ ከረመችና አልነሳም አለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ አዲስ ቤንዚን ሞላሁ፣ አጥቤ አብለጨለጭኳት፤ ወይ ፍንክች!

መካኒኩ ካርቡራተሩን ፈታ። የከረመው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ደፍኗል። ሽቦ ሳቀብለው፣ "ይተዉት ፓስተር፣ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋና ቤንዚን ያስጠጣታል" አለኝ። በማጽጃ ዘፍዝፎ በአየር ነፋው። "ታንከሩ ካልታጠበም ቆሻሻው ተመልሶ ይወርዳል" አለ።

ወገኖቼ፣ እዚያው ቆሜ አፈርኩ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በውርስ ቤት ተኳርፈን 2 ዓመት አልፎን ነበር። እሰብካለሁ፣ እዘምራለሁ፤ ጸሎቴ ግን አይነሳም። ዳዊት በመዝሙር 51 ንጹሕ ልብ የለመነው ለዚህ ነው፤ ቆሻሻው የሚወርደው ከልብ ነዋ! በራሳችን ሽቦ ብንጎረጉረው ቁስሉን እናሰፋለን። የሚያጥበው የኢየሱስ ደም፣ የሚነፍሰው መንፈስ ቅዱስ ነው።

ያን ማታ ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደወልኩለት። "ጋሼ፣ እኔም ስጠብቅህ ነበር" አለኝ።

እናንተስ ማንን ነው ያኮረፋችሁት? ይህን ወረቀት ሳታጥፉ ስሙን በጌታ ፊት ጥሩ፤ ከዚያም ደውሉለት። ጌታ ይርዳችሁ፤ አሜን።