ስለ ተማሪዎች ዜማና ስለ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ገበያ



በኢትዮጵያ ልጆች ዘምረው ስጦታ መቀበላቸው ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። በቡሄ ዕለት ወንዶቹ ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ባለቤቱም ሙልሙል ዳቦ ይሰጣቸዋል። በዕንቍጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባ ይዘው ይዘምራሉ። የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ከመንደር መንደር ሲዞር፣ የሰጠው ሰው በረከት አገኘሁ ይላል እንጂ ተማሪውን አይንቀውም። እንግዲህ የመንደር ትምህርት ቤት ልጆች በዓመት አንድ ቀን በወላጆቻቸው ፊት ቢዘምሩ፣ የእጃቸውንም ሥራ አውጥተው ለትምህርት ቤታቸው ቢሸጡ፣ ነገሩ ከአባቶች ሥርዓት የወጣ አይደለም።

ነገር ግን እንዲህ ያለ ገበያ ሊደረግ በታሰበበት ስፍራ ሁሉ ሦስት ጥርጣሬዎች ይሰማሉ። አንዱ፣ ልጄን ለፊደል ሰጠሁ እንጂ ለአዝማሪነት አልሰጠሁም ይላል። ሁለተኛው፣ ሸክላና ሽመና የልጄ ዕጣ አይደለም ይላል። ሦስተኛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ገንዘቡ ወዴት ይገባል ብሎ ይጠይቃል። የፊተኞቹ ሁለቱ ከንቀት የመጡ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከማስተዋል የመጣ ነውና መልስ ይገባዋል። ለሦስቱም መልስ የሚሆን ታሪክ በሌላ አገር ተደርጓል።

በአሜሪካ አገር በቴኔሲ ክፍል፣ ናሽቪል በምትባል ከተማ፣ የእርስ በርሱ ጦርነት አልቆ ባሮች ነጻ ከወጡ በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 ፊስክ የሚባል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቤቱ ለወታደሮች ሐኪም ቤት ሆኖ የነበረ የሣንቃ ቤት ነው። በዚያ መጀመሪያ ዘመን፣ ባሮች ይሸጡበት ከነበረው ስፍራ የዛገ የእግር ብረትና ሰንሰለት ተለቅሞ ተሸጠና በዋጋው መጻሕፍት ተገዙ ተብሎ ይተረካል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ በዕዳ ተያዘ፤ ሊዘጋም ተቃረበ። ገንዘብ ያዡ ጆርጅ ኋይት ዜማም ያስተምር ነበርና፣ በ1871 ዘጠኝ ተማሪዎችን መርጦ በየከተማው ሊያዘምራቸው ተነሣ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ።

በፊት የሚዘምሩት የነጮችን ዜማ ነበር። ሰሚው ያመሰግናል፤ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ወላጆቻቸው በባርነት ሳሉ ለእግዚአብሔር ያንጐራጐሩትን ዜማ በሰው ፊት ለማውጣት ይፈሩ ነበር፤ የመከራ ዘመን መታሰቢያ፣ የተቀደሰም ነገር ነበርና። ኋላ ያንኑ ዜማ በዘመሩ ጊዜ ግን ሰሚው አለቀሰ፤ እጁንም ዘረጋ። ኋይትም ኢዮቤልዩ ብሎ ሰየማቸው፤ ይኸውም በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈው፣ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነው። ገና ጉዞውን ሲጀምሩ የቺካጎ ከተማ በእሳት መቃጠሏን ሰሙ፤ እነርሱ ራሳቸው በዕዳ ሳሉ፣ በዚያን ጊዜ ያገኙትን 50 ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡ። በ1873 ባሕር ተሻግረው በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ባገኙትም ገንዘብ ኢዮቤልዩ አዳራሽ የሚባለው ትልቅ ሕንፃ ተሠርቶ በ1876 ተመረቀ። እነዚህ ልጆች በመዘመራቸው ክብራቸው አልጐደለም፤ የአባቶቻቸውን ዜማ ሳይለውጡ በማቅረባቸው ክብራቸው በዛ እንጂ።

ስለ ገበያውና ስለ እጅ ሥራው ደግሞ በአላባማ ክፍል የሆነውን መስማት ይገባል። ቡከር ዋሽንግተን በ1881 በተስኪጊ ከተማ በ30 ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። ጣራው ያፈስ ስለ ነበር ዝናብ ሲመጣ አንድ ተማሪ በመምህሩ ራስ ላይ ጃንጥላ ይይዝ ነበር። ከዚያ ለመውጣት የእርሻ መሬት በ500 ዶላር ለመግዛት ታሰበ፤ ግማሹ በብድር ተገኘ። ያን ጊዜ ኦሊቪያ ዴቪድሰን የተባለች መምህርት በነጩም በጥቁሩም ቤት እየዞረች ዳቦም፣ ዶሮም፣ ጣፋጭም እየለመነች ሰብስባ፣ የሚሸጥበት የትምህርት ቤት በዓል አደረገች። በዚህም በሌላም ርዳታ ብድሩ በሦስት ወር ተመለሰ፤ ከሁለት ወር በኋላም የመሬቱ ዋጋ ተፈጸመ። በዚያ ወራት አንዲት 70 ዓመት የሚሆናት፣ በባርነት ዕድሜዋን የፈጀች አሮጊት፣ ያረጀ ግን ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ በዘንግ እየተደገፈች መጥታ ያጠራቀመቻቸውን 6 እንቍላሎች ለልጆቹ ትምህርት ሰጠች። ዋሽንግተን ኋላ ከታላላቅ ባለጠጎች ብዙ ገንዘብ ተቀብሏል፤ እንደዚያ ስጦታ ልቡን የነካው ግን እንደሌለ በመጽሐፉ ጽፏል።

ተማሪዎቹ ጡብም መሥራት ጀመሩ። ሦስት ጊዜ እቶኑ ተበላሸባቸው፤ ዋሽንግተን የኪስ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛውን ሞከረ፤ ተሳካ። ጡቡ መልካም ስለ ነበር ትምህርት ቤቱን የማይወዱ ሰዎች እንኳ ሊገዙ መጡ። ከርኅራኄ የተገዛ ዕቃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ በመልካምነቱ የተገዛ ዕቃ ግን ገዢውን ሁለተኛ ይጠራዋል። ከዚሁ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምሮ የወጣው ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ጣሊያን በወረረ ጊዜ ለኢትዮጵያ አይሮፕላን ነድቷል። የ6 እንቍላል ፍሬ የት እንደሚደርስ ሰጪዋ ልታውቅ አትችልም ነበር።

በኢትዮጵያም የእጅ ሥራን መናቅ መልካም እንዳልሆነ መንግሥት ከተናገረ ቈይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው ከልክለዋል። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን የባላገሩም የመኳንንቱም ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ ሰፌድ ሲሰፉ ማየት ነው።

እንግዲህ ገበያው እንዴት ይሁን? አስቀድሞ ገንዘቡ የሚውልበት ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ይነገር፤ ቆርቆሮ ወይም ወንበር ወይም መጻሕፍት። ጊዜውም እህል ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን፤ በክረምት ጎተራው ባዶ የሆነን ሰው መለመን ማሳፈር ነውና። ልጆቹ በየአገራቸው ያለውን ይሥሩ፤ አክርማና ስንደዶ ባለበት ሙዳይና ሌማት፣ ቃጫ ባለበት ገመድ፣ እንጨት ባለበት በርጩማ። በየዕቃው ላይ የሠሪው ስም ይጻፍ። የተጣመመውን መምህሩ ማታ በራሱ እጅ አያቃናው፤ ልጁ ፈትቶ ይሥራው። መምህሩ የሠራውን የልጅ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ ለልጁ ሐሰትን ማስተማር ነው።

ዜማውም በክራርና በዋሽንት፣ በከበሮም ይሁን፤ ሽማግሌዎችም የአገራቸውን ዜማ አስቀድመው ለልጆቹ ያስተምሩ። ነገር ግን አንድ ነገር ይከልከል። ልጆች የሰጪውን ስም እየጠሩ እንዲያወድሱ አይደረግ። ብዙ ለሰጠው ከፍ ባለ ድምፅ፣ ጥቂት ለሰጠው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚዘምር ልጅ፣ ዜማ ሳይሆን ውዳሴ ከንቱ ተማረ። እንቍላል ያመጣችውም በሬ የሰጠውም አንድ ዓይነት ምስጋና ይቀበሉ። ምንም ያላመጣም ወላጅ በፊተኛው ረድፍ ይቀመጥ፤ ልጁ ይዘምራልና።

ለልምምድም ተብሎ ንባብና ቍጥር ለብዙ ሳምንት አይቋረጥ። ሒሳቡ ራሱ ትምህርት ይሁን፤ የስንደዶው ዋጋ ስንት፣ የተሸጠበት ስንት፣ የተረፈው ስንት እንደ ሆነ ትልልቆቹ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስሉ።

የሦስተኛው ሰው ጥያቄ እዚህ ይመለሳል። ሳጥኑ ሕዝቡ ሳይበተን ይከፈት። ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ መምህር በሰው ፊት ይቍጠሩ፤ አንድ ተማሪ በመዝገብ ይጻፍ፤ ድምሩም ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብ። በሚመጣው ዓመት ዜማ ከመጀመሩ በፊት፣ ያለፈው ዓመት ገንዘብ ምን እንደ ሠራ ይነገር፤ የተገዛውም ዕቃ ይታይ። ይህ ከተደረገ ሕዝቡ ሳይለመን ይመጣል። ይህ ከቀረ ግን ምንም ዜማው ቢያምር ሁለተኛ የሚሰማው አይገኝም፤ ልጆቹም ያላጠፉትን ሐሜት ይሸከማሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የትምህርት ቤት ጣራ ለመምህሩ ብቻ ሸክም ነው፤ ለመንደሩ ሁሉ ግን ጌጥ ይሆናል። ልጁ ዘምሮና ሠርቶ ያቆመውን ቤት አድጎ አያፈርሰውም፤ ሲያፈስ ባየ ጊዜም ቀድሞ መሰላል የሚያመጣ እርሱ ነው።