ምጣዱ አልግል ሲል

(በጦር ኃይሎች አካባቢ የሚገኘው የነዋሪዎች መረዳጃ ማኅበራችን ባደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንኳንና ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም። ስለ ኤሌክትሪክ ምጣዳችን ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለምጣድ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ያስፈልገዋል። በዚህ ምጣድ ምክንያት አንዲት እናት ያለ ጥፋታቸው ተከሰዋልና ነው። የከሰስናቸውም ሌላ ሰው ሳንሆን እኛው ኮሚቴዎቹ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅበሩ ምጣድ ከድስቶቹና ከወንበሮቹ ጋር በዕቃ ቤታችን እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ለቅሶ ሲደርስ ወይም ሰርግ ሲመጣ ለአባሎች እንሰጣለን። በሌላው ቀን ደግሞ እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆች ስለሚያሳድጉ፣ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየከፈሉ እዚያው ዕቃ ቤቱ ጓሮ እንዲጋግሩበት ተፈቅዶላቸው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን መጥተው «ኧረ ምጣዱ አልግል አለኝ፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ አልላቀቅ እያለም ይቀደዳል» ብለው ነገሩን። እኛስ ምን አደረግን? ምጣዱን ገልብጦ ያየ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። «የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰውበት ይሆናል» ተባለ። ማን አየ? ማንም። እንዲሁ ተባለ። ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ የምጣዱን ግማሽ ዋጋ እንዲከፍሉ ወሰንን፣ እሳቸውም አንድ ቃል ሳይመልሱ ከዕቁባቸው አውጥተው ከፈሉ። ያንን ቃለ ጉባኤ የጻፈው ይኸው አሁን የሚያነብላችሁ ጸሐፊ ነው።

ገንዘቡን ከተቀበልን በኋላ ነው አዲስ ምጣድ ለመግዛት መርካቶ ምናለሽ ተራ ለመውረድ የተነሣነው። በዚህ መካከል በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር የአንድ አባላችን ልጅ «እስቲ ከመጣላችሁ በፊት ልየው» አለና ፈታው። ሸክላው ደህና ነው። የሚግለው ሽቦም ደህና ነው። የተበላሸው የመብራቱ ገመድ ከምጣዱ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ነበር፤ ላልቶ፣ ዝጎ፣ ዙሪያው ጠቁሮ ተገኘ። ብሎኑ ተጠርጎ ጠበቀ፣ የተቃጠለው የገመድ ጫፍ ተቆርጦ እንደገና ታሰረ፣ ምጣዱም ጋለ። ለዚህ ሥራ የወጣ ገንዘብ የለም፤ ልጁ ሻይ እንኳ አልጠጣም።

በድሮ ጊዜ እኮ ምጣድ አልግል ሲል ምክንያቱ ለሁሉም ይታይ ነበር። የሚነደው ከእንጦጦ በሰው ጀርባ የወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ይጨሳል፣ ጉልቻው ከዘመመ ምጣዱ ባንድ ወገን ያርራል። ዓይን እያለቀሰም ቢሆን ጥፋቱ የት እንዳለ ይታወቃል። የኤሌክትሪኩ እሳት ግን ከሸክላው ሥር ተደብቋል። ስለማይታይም ጥፋቱን ምጣዱ አጠገብ በቆመው ሰው ላይ መጫን ቀላል ሆነልን።

ስለዚህ ከልጁ የተማርነውን፣ ሌሎችም ባለሙያዎች ያረጋገጡልንን፣ ለሁላችሁም እንዲጠቅም እንናገራለን።

ከሸክላው ሥር ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ እየዞረ ተቀብሯል። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ ኒኬልና ክሮሚየም ከሚባሉ ማዕድኖች የተቀላቀለ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍበት እንደልብ ስለማያሳልፈው ይግላል። አንድ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። ይህ ማለት ባለ 60 ዋት አምፖል 60 ያህሉን ባንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። እንግዲህ ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ በተዘረጋ ባለ 1.5 ሚሊ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያስብበት። ለምጣድ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል።

ምጣዱ ጭራሽ ካልጋለ ከምጣዱ አትጀምሩ። መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለው የሶኬቱ መስመር ማቋረጫ ወድቆ እንደሆነ ይታይ። (አንድ ጊዜ ባለሙያ ከአየር ጤና ድረስ አስመጥተን፣ ይህንኑ በጣቱ ከፍ አድርጎ ሲሄድ አፍረናል።) ቀጥሎ እዚያው ሶኬት ላይ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ዕቃ ይሰካ። ያም ካልሠራ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወይም ከመስመሩ ነው፣ ምጣዱን አትውቀሱት። ሶኬቱ ቡናማ ከሆነ፣ ሲነኩት ከጋለ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ውስጡ ላልቷልና በዚያ ሶኬት መጠቀም ይቁም። ሙቀቱ ምጣዱ ላይ መውጣት ሲገባው ሶኬቱ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ የቤት ቃጠሎም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሌላው ዕቃ ሠርቶ ምጣዱ ብቻ እምቢ ካለ ገመዱ ይታያል፤ በተለይ የሚታጠፍበት ቦታና የሚታሰርበት ብሎን። የሊጥ ውሃ እየተንጠባጠበ የሚገባው እዚያ ነው። ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ግን እባካችሁ፣ ይህ ሁሉ ከሶኬቱ ከተነቀለና ማቋረጫው ከወረደ በኋላ ነው! በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆሞ ምጣድ መነካካት አይገባም። ምጣዱን ሲነኩ የሚነዝር ከሆነ «ትንሽ ነው፣ ለምደነዋል» አይባልም። የመሬት ሽቦው ተበጥሷል ወይም መጀመሪያውኑ አልተሠራም፤ በባለሙያ እስኪሠራ ድረስ አይጋገርበትም።

ግማሹ እየጋለ ግማሹ የሚቀዘቅዝ ምጣድ ሁለት ሽቦ ያለው ሆኖ አንዱ የተበጠሰበት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በየሰፈሩ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። የተበጠሰውን ሽቦ ቋጥሮ መቀጠል። ቋጠሮው ባለበት ቦታ ሽቦው ከሌላው አብልጦ ይግልና እንደገና እዚያው ይበጠሳል። በየጊዜው እየተቆረጠ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ መጀመሪያ «እንዴት ጋለ!» ያሰኛል፣ ቆይቶ ሶኬቱንም ራሱንም ይጨርሳል። ሙሉ ሽቦውን መቀየር ነው የሚሻለው። ሸክላው ካልተሰነጠቀ ሙሉ ምጣድ መጣል አያስፈልግም።

ሸክላው ገና አዲስ ከሆነና በደንብ ካልተሟሸ እንጀራ እንደሚይዝ፣ ይህም የሙቀት ጉድለት አለመሆኑን እናቶች ከኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ እኛ አናስተምራቸውም።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ምጣዳችን ከተጠገነ በኋላ ጠዋት በደንብ ይግላል፣ ማታ ግን ይለግማል። እኚህ እናት ይህንንም ነግረውን ነበር፣ «ማታ ማታ ይብስበታል» ብለው። ሰምተን ዝም አልን። ልጁ መለኪያውን ይዞ ከንጋቱ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ለካው። ጠዋት መሆን የሚገባው 220 ቮልት አለ፤ ማታ 180 ወርዷል። ከ220 ወደ 180 ሲታይ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን የምጣድ ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚታሰበው። ሲሰላ ሦስት እጅ መሆን የነበረበት ሙቀት ሁለት እጅ ብቻ ይሆናል። በዚህ ሙቀት እንጀራ በየት በኩል ዓይን ያወጣል?

የኃይል እጥረት ነው እንዳይባል፣ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይል ከግድብ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፣ እኛ ጓሮ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። በቦኖ ዘመን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲከፍት መጨረሻ ያለው ቧንቧ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። የሰፈራችን ትራንስፎርመርም እንዲሁ ነው። ሁላችንም ከሥራ ገብተን ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ምጣድ እንሰካለን። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማማ አይነሣ! የኛ ዕቃ ቤት ደግሞ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው አምፖሉን ይመልከት። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ካለና ጠዋት ከማታ የሚለይ ከሆነ፣ ምጣዱን ቢፈታው የሚያገኘው ነገር የለም።

ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ምጣድ እምቢ ሲል፣ በተለይ በክረምት፣ የከሰል ማንደጃ ወደ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ልማድ ሆኗል። የከሰል እሳት ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ደህና ይመስላል። ያኔም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ በደም ውስጥ የአየሩን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ብርድ ነው ብሎ ይተኛል፣ ከዚያም አይነሣም። በዚህ የሞተ ሰው ለቅሶ የተቀመጥን አለን። ማንደጃው ደጅ ይቅር፤ ማታ ተዳፍኖም አይገባም።

ቡታጋዝ ያላችሁም አትርሱ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋልና ይጠረጉ። ጋዝ ከሸተተ በክብሪት አይፈለግም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ መብራት ሳያበሩና ሳያጠፉ፣ በርና መስኮት መክፈት ነው። ጎማው ይቀደድ እንደሆነ በሳሙና አረፋ ይታወቃል፤ አረፋው ከነፋ እዚያ ያፈስሳል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እኚህ እናት አሁን ከፊታችን ተቀምጠዋል። የከፈሉት ገንዘብ ከዚህ ስብሰባ በፊት ተመልሶላቸዋል። ያ ግን አይበቃም፤ የተከሰሱት በጉባኤ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በጉባኤ ፊት መሆን አለበት። እኛ ኮሚቴዎቹ ሳንመረምር ፈርደናል፤ እትዬ፣ ይቅር ይበሉን። የድሮው ቃለ ጉባኤ አይቀደድም፤ ከሥሩ ስሕተት መሆኑ ተጽፎ ሁላችንም ፈርመንበታል፣ የፈለገ አባል መጥቶ ማየት ይችላል።

ከእንግዲህ የማኅበሩ ዕቃ ተበላሸ ሲባል፣ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ሳይሰጥ ማንም አባል እንዳይጠየቅ ሐሳብ አቅርበናል። ለዕቃ ቤቱ ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ሽቦ እንዲዘረጋም ከሣጥናችን ወጪ እንጠይቃለን፤ ሁለቱም ዛሬ በእጅ ማውጣት ይወሰናል። የወፍራሙ ሽቦ ነገር ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን ብቻ እንደሚያሻሽል ግን ከወዲሁ እወቁት። ከቆጣሪ ወዲያ ያለውን የምናቀለው ተራ በመግባት ነው። በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ያለን ቤቶች ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጋግር ብንከፋፈል ማታ የሚወርደው ቮልት እንደሚሻሻል ልጁ ነግሮናል። እኚህ እናት መተዳደሪያቸው ስለሆነ የንጋቱ 11 ሰዓት ለሳቸው ይያዝ ብለናል።

የተራው ሠንጠረዥ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ተለጥፏል። እስክሪብቶ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏልና እስከ ቅዳሜ ማታ የቤት ቁጥራችሁንና የሚመቻችሁን ሰዓት ሙሉበት። እስክሪብቶውን የወሰደ ይመልስ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እንደወትሮው ከንብረት ክፍሉ ዘንድ ነው።