የከንቲባ ገብሩ ወንበር



ተመራቂዎች፣ ዛሬ ስለ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1855 ገደማ ጎንደር ውስጥ አለፋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋር ወጥተው መጀመሪያ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ተማሩ። እንደ እሳቸው የተማረ ሐበሻ በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ጀርመንኛ እየተናገሩ አውሮፓ መቅረት አያቅታቸውም ነበር። እሳቸው ግን አገራቸው ገቡ። ዳግማዊ ምኒልክን አገለገሉ፤ ጎንደርንም በከንቲባነት አስተዳደሩ። ማዕረጉ ከስማቸው ጋር ተዋህዶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከደጃዝማች ናደውና ከብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር አሜሪካ ድረስ ተልከው የኢትዮጵያን መልእክት አድርሰዋል።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታውጆ ፓርላማ ሲቋቋም ከአባላቱ አንዱ ሆኑ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ያን ፓርላማ ሕዝብ አልመረጠውም። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን ደግሞ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡ ነበር። ገበሬውም ነጋዴውም ድምፅ አልነበረውም። ሴትማ ጭራሽ አትታሰብም ነበር።

ከንቲባ ገብሩ ግን ሴት ልጆቻቸውን አስተማሩ። ለእኔ ከሹመታቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጃቸው ስንዱ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ። ጣሊያን ሲወርረን ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። በመጨረሻ ተማረኩ፤ ከእህታቸው ከየውብዳር ጋር ባሕር ተሻግረው አሲናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። ፋሺስት የተማረ ኢትዮጵያዊን አጥብቆ ይፈራ ስለነበር ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ብዙ ወጣት ምሁራንን ፈጅቷል። ያ ትውልድ ሳያልቅ ቢተርፍ ኖሮ ዛሬ የት በደረስን እያልኩ እቆጫለሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ተርፈው ተመለሱና መምህር ሆኑ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት መሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለወንዱም ለሴቱም የመምረጥ መብት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። በኢትዮጵያ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። አባታቸው ይህን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ዐርፈው ነበር።

አባት በሹመት የተቀመጡበትን ፓርላማ ልጅ በምርጫ ገቡበት። በመካከሉ ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት! ያንን ርቀት ያሳጠረው አንድ አባት ለሴት ልጆቻቸው የከፈሉት የትምህርት ዋጋ ነው።

ልጆቼ፣ እናንተም ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ሥራ ትፈልጋላችሁ፤ ደግ ነው፣ ቤተሰብ ይጠብቃችኋል። ግን የወረዳችሁ ምክር ቤት ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ውኃው ለምን እንደሚጠፋ፣ መንገዱ ለምን እንደማያልቅ ተነሥታችሁ ጠይቁ። ምርጫ ሲመጣ ተመዝገቡ፣ ምረጡ፤ የሚያምናችሁ ሰው ካለም ተወዳደሩ። በተለይ እናንተ ሴቶች ልጆቼ፣ የወይዘሮ ስንዱን ወንበር ለሌላ አትተዉት።